የዱር እንስሳው ባለቤት ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ገጠር መሬት ይዞታ መብት በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ ገለጻ እንዳደርግ ተጋብዤ ወደ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው አርሶ አደሮች ነበሩ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ጌታው፣ እርስዎ ሕግ አዋቂ ነዎት ብለውናል። እኔ ስለ መሬቴ ጥያቄ የለኝም፤ የይዞታ ደብተሬ በእጄ ነው። ነገር ግን ገብሴን ጭላዳ ጨረሰው። ማንን ልክሰስ?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «የጎረቤቴ በሬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ እልክበታለሁ፤ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ። ጭላዳውን በድንጋይ ብፈነክተው ግን የምታሰረው እኔ ነኝ። ታዲያ ይኼ እንስሳ የማን ነው?» ብለው ቁጭ አሉ።

ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ለሚመለከተው አካል ያመልክቱ» ነበር ያልሁት። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ለእሳቸው አልነገርኋቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም በቅጡ አልታወቀኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዱር እንስሳት የወጡ ሕጎቻችንንና የፖሊሲ ሰነዳችንን አንድ በአንድ ገልብጫለሁ። ይህ ጽሑፍ ለአዛውንቱ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። መልሱም ደባርቅ ላይ የሚቆም አይደለም፤ አገሪቱ የዱር እንስሳቷን ለማቆየት የሄደችበትን መንገድ ሁሉ ይነካል።

ከጥያቄው ሕጋዊ ጎን ልጀምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ከባለቤቱ ቁጥጥር ውጭ ቢያመልጥ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ጠንካራ ድንጋጌ ነው። የአዛውንቱ ጎረቤት በሬ የሚከሰስበትም ይኸው ቁጥር ነው። ይኸው ሕግ በቁጥር 1151 ደግሞ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ በእጁ ያስገባ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላል። ስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪ ሳለን ከግቢው ማዶ ከአንበሳ ግቢ የሚመጣው ግሳት በተለይ በማለዳ ይሰማን ነበርና፣ በንብረት ሕግ ክፍለ ጊዜ የዱር አንበሳ «ባለቤት የሌለው ነገር» ነው ወይ የሚለው ክርክር ሁሌም የሚያዝናና ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ነገሩማ ባለቤት የለውም፤ በእጁ የሚያስገባው ሰው ግን ከየት ይመጣል?» ብሎ መምህራችንን ሳይቀር አስቆናል።

ሕገ መንግሥቱ ከመጣ በኋላ ግን ክርክሩ መልክ ቀየረ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሁሉ ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ጭላዳው የተፈጥሮ ሀብት ከሆነ፣ መሆኑንም የሚክድ ያለ አይመስለኝም፣ ባለቤቱ መንግሥትና ሕዝብ ናቸው። እንግዲህ ቁጥር 2071ንና አንቀጽ 40ን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው የአዛውንቱ ጥያቄ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ባለቤት አለ፣ እንስሳ አለ፣ ጉዳት አለ። የቀረው ከሳሽ ብቻ ነው።

በእርግጥ ሌላ ጥሩ ጠበቃ ይህን ክርክር ሊያፈርሰው ይችላል። የ2071 ባለቤት እንስሳውን በእጁ የያዘና የሚያዝበት ሰው እንጂ በሉዓላዊነቱ የተፈጥሮ ሀብት ጠባቂ የሆነ መንግሥት አይደለም፤ ሕዝብ ባለቤት ነው ከተባለም አዛውንቱ ራሳቸው ከባለቤቶቹ አንዱ ናቸው ብሎ ይከራከራል። እኔም ዳኛ ብሆን ለዚህ ክርክር ሳልደነግጥ አልቀርም። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መንግሥት ዋልያ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ሲከፍል፣ አዳኙ የአደን ፈቃድ ሲገዛ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው በባለቤትነት ስም ነው። ጥቅሙን በባለቤትነት እየሰበሰቡ ጉዳቱ ሲመጣ ጠባቂ ብቻ ነኝ ማለት በተራው ሰው ዘንድ ፍርድ አይመስልም። እነ አዛውንቱ ሕጉን ባያነቡም ይህን ያውቃሉ።

ወደ ፖሊሲው ልምጣ። አገራችን ራሱን የቻለ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ፖሊሲና ስትራቴጂ ያገኘችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እሱን ተከትሎ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ፤ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቋመ፤ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ተወሰነ። ከእነዚህ በፊት የነበሩት ሕጎች በአመዛኙ የአደን ሕጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. የ1944ቱ አዋጅ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ያድናል የሚለውን የሚወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 65 እና ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 የጥበቃውን ተቋምና የፓርኮቹን ሥርዓት አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሠራንባቸውም እነሱ ናቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ቦታውን ከልል፣ ዘበኛ አቁም፣ ሰውን አስወጣ።

አዲሱ ፖሊሲ በወረቀት ላይ ከዚህ ሐሳብ ወጥቷል። ርእሱን ራሱን ብንመለከት «ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም» የሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ላይ የተቀመጡት በአጋጣሚ አይደለም። የአካባቢው ሕብረተሰብ ከዱር እንስሳው ተጠቃሚ ካልሆነ ጥበቃው አይዘልቅም የሚለውን ትምህርት መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ክፉኛ ተምሮታል። ያን ዓመት የመንግሥት ለውጥ ሲመጣና ዘበኞቹ ለጥቂት ጊዜ ሲጠፉ በባሌ፣ በአዋሽ፣ በአብያታ ሻላና በሌሎችም ፓርኮች ቢሮዎች ተዘረፉ፣ ጣሪያዎች ሳይቀሩ ተነቀሉ፣ እንስሳት ተገደሉ። ይህን ያደረገው ከሩቅ የመጣ ሽፍታ ብቻ አልነበረም። ብዙው ፓርኩ ሲከለል የግጦሽ መሬቱን ያጣ የአካባቢው ሰው ነበር። አንዳንድ የዘርፉ ሰዎች ያን ጊዜ እንደ እብደት ሲገልጹት ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን በፍርድ ቤት ሳይሰማ የቀረ ክስ ሰዎች በገዛ እጃቸው ያስፈጸሙት ይመስለኛል። ድርጊቱ ትክክል ነው እያልሁ አይደለም።

አዋሽን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከሦስት ሰዓት በማይበልጥ ጉዞ የሚደረስ ስለሆነ አብዛኞቻችን የምናውቀው ፓርክ እሱ ነው። ሳላን ለማየት እንሄዳለን፣ ፏፏቴው አጠገብ ፎቶ እንነሣለን፣ ከዚያም የከረዩ ግመሎች ሣሩ ላይ ተሠማርተው ስናይ «ፓርክ ውስጥ ከብት ምን ይሠራል?» እንላለን። ጥያቄው ግን በተቃራኒውም ሊነሣ ይችላል። አዋሽ ፓርክ የተቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው ከረዩዎችና አፋሮች በበጋ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት መሬት ላይ ነው። ያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የወንዙን ዳርቻ የያዘበት ዘመንም ነው። ከረዩ በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላ በኩል ፓርክ ሲመጣበት ከብቱን ይዞ የት ይግባ? ዛሬ ደግሞ ፓርኩን አውራ ጎዳናው ለሁለት ሰንጥቆታል፤ የበሰቃ ሐይቅም በመተሐራ በኩል ከዓመት ዓመት ሲሰፋ ቆይቷል። ጎዳናው ሲሠራ መንግሥትን ያሰረ የለም፤ ከብት ሲገባ ግን እረኛው ይያዛል።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ሆኜ የምጨነቅበት ነገር አለ። ደንብ ቁጥር 163 በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መኖርን፣ ማረስንና ከብት ማሠማራትን ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ደንብ ከሕገ መንግሥት ጋር ሲጋጭ የትኛው እንደሚወድቅ የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪም ያውቃል። በተግባር ግን ሲወድቅ የኖረው ሌላኛው ነው። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2ም በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ካሳ ያገኛል ብሎ ያስገድዳል። «ኑሮው የተነካበት» የሚለው ሐረግ ሰፊ መሆኑን ልብ ይሏል። ቤቱ ያልፈረሰበት፣ ግጦሹን ብቻ ያጣ ሰውም በዚህ ውስጥ ይገባል።

ነጭ ሣር ላይ የሆነው ይህን ጭንቀት በተግባር ያሳያል። ፓርኩ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ከሰንቀሌ ተወስደው እንዲራቡ የተለቀቁበት ቆርኬዎች ዋነኛ ቅርሱ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. መንግሥት የፓርኩን አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ለተባለው የውጭ ድርጅት በስምምነት ሰጠ፤ ቀጥሎም ኦሞን ጨመረለት። በውስጡ የሚኖሩት ኮሬዎችና ጉጂዎች እንዲነሡ ተደረገ። ኮሬዎች ተነሡ፤ የጉጂዎቹ ጉዳይ ግን ቤት እስከ መቃጠል ደርሶ በዓለም አቀፍ መድረክ ሳይቀር ውግዘት አስከተለ። ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ በፓርኮቹ ውስጥ ባሉ ሰዎች አጠቃቀም ላይ ስምምነት አለመደረሱ ነበር። በመጨረሻ ማን ተጠቀመ? ጉጂው ቂም ያዘ፣ ድርጅቱ ሄደ፣ ቆርኬውም በጣት ወደሚቆጠር ወረደ።

ሰሜን ተራሮች ላይ ነገሩ ለየት ይላል፤ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ምክንያቱ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ የሰፈራ መብዛትና የዋልያ ቁጥር ማነስ ነበር። ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት ሃያ ዓመት ፈጅቷል። የፓርኩ ወሰን ተስተካክሎ ብዙ መንደሮች ከወሰኑ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ብልህነት ነው፤ ሰውን ከማንሣት ካርታን ማንሣት ይረክሳልና። በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ግን ካርታ አላዳናትም። ወደ 2,500 የሚጠጉ ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሰሜን ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ።

የግጭ ሰዎች እንደ ነጭ ሣሮቹ በኃይል አልተባረሩም። ካሳ ተሰጣቸው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። በሕግ ዓይን ሲታይ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ አካሄድ ነው፤ ይህንም አለመመስከር በደል ይሆናል። ነገር ግን ካሳ ሲሰላ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ቤት፣ ዛፍና ሰብል ነው። ገብስ ከማረስና በግ ከማርባት ሌላ የማያውቅ የሃምሳ ዓመት ሰው በአንድ ጊዜ ከተሜ ሲሆን የሚያጣው ነገር በደረሰኝ ላይ አይሰፍርም። የተቀበለው ገንዘብ ጣሪያና ግድግዳ ሆኖ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚያስገባለት ነገር ያስፈልገዋል። «ተመጣጣኝ» የሚለውን የአንቀጽ 44 ቃል የምረዳው በዚህ መንገድ ነው። የተወሰደው መተዳደሪያ ከሆነ የሚተካውም መተዳደሪያ መሆን አለበት።

ዋልያውስ? ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኘው፣ የብሔራዊ ቡድናችን ስም የሆነው ዋልያ በአንድ ወቅት ቁጥሩ ወደ አንድ ሺህ ተጠግቶ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የነበረው ጦርነት፣ ከዚያም በአማራ ክልል የተከተለው ግጭት ቁጥጥሩን ሲያላላው ግን የዋልያውም ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ጠመንጃ በበዛበት፣ ቱሪስት በጠፋበትና ከቱሪስት ይገኝ የነበረው ገቢ በደረቀበት አገር ዋልያ ሥጋ ይሆናል። ለዚህ ፖሊሲ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ያም ሆኖ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ምግብ አብሳዩ በደህናው ዘመን ከዋልያው ያገኙት ጥቅም ለሁሉም መንደር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዘበኛው በሌለ ጊዜም ጠባቂ በተገኘ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ቅጣት ጥቂት ልበል። ሙያዬም ነው፤ ብዙ ሰውም መፍትሔው ቅጣት ማጥበቅ ይመስለዋል። አዋጅ 541 በሕገ ወጥ አደንና ንግድ የተገኘ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደነገገ። በጊዜው 30,000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ9 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ከ3,000 ዶላር ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲወሰንና ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ከፍተኛ ቅጣት ከ300 ዶላር በታች ሆነ። ሕጉን ማንም ሳይነካው አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። የቀድሞው አሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ትዝ ይላችኋል? እንስሳውን ሳንቲም ላይ ስንቀርጸው ሳንቲሙ አንድ ነገር ይገዛ ነበር።

በምሥራቁ በረሃ የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ነጥቆ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያሻግር ነጋዴ በዚህ መቀጮ አይደነግጥም። እንደ ወጪ ይቆጥረዋል። የዝሆን ጥርስ ነጋዴም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 መንግሥት ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሲያቃጥል ብዙዎቻችን አድንቀናል፤ ያን ያህል ጥርስ የመጣው ከስንት ዝሆን እንደሆነ ግን ያሰብን ጥቂቶች ነን። «ወይም» የምትለዋ ቃል እስራቱን ለዳኛው ምርጫ ስለተወችለት፣ በመቀጮ መተላለፍ የሚቻልበት በር ክፍት ነው። የሚሻሻል ወይም የሚተካ ሕግ ሁሉ መቀጮውን በቁርጥ ብር ከማሰር ይልቅ የእንስሳውን ወይም የውጤቱን ዋጋ እጥፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው ገንዘብ በረከሰ ቁጥር ምክር ቤት መሄድ አያስፈልግም። በአንጻሩ በደባርቁ አዛውንትና በአቦሸማኔው ነጋዴ መካከል ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። የሕጉ ቋንቋ ሁለቱን በአንድ ዓይን ሲያይ የሚያዘው ሁልጊዜ ደካማው ነው፤ እሱ ሮጦ የሚያመልጥበት ድንበር የለውምና።

ሕግ ጨርሶ የማይደርስበት ጠላትም አለ። በባሌ ተራሮች የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው ባሌ ነው። እሱን በዋናነት እየፈጀ ያለው አዳኝ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛው ከብቱን ተከትሎ ወደ ሰነቴና ወደ ወብ ሸለቆ ሲወጣ ውሻውን ይዞ ይወጣል፤ ውሻው ታሞ ከሆነ በሽታው ወደ ቀበሮው ይሸጋገራል። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰብስቦ ስለሚኖር አንዱ ከተያዘ መንጋው ሁሉ ያልቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በ1996፣ ከዚያም ደጋግሞ ወረርሽኙ መጥቷል፤ በ1996ቱ ጊዜ በሽታው ከገባባቸው መንጋዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቋል። ይህን ቀበሮ የሚያድነው የታጠቀ ዘበኛ ሳይሆን ለመንደር ውሻ የሚሰጥ ክትባት ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ውሾችን ሲከትቡ ኖረው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ተሸፍኖ የሚዋጥ ክትባት ማደል ጀምረዋል። ውሻው ሲከተብ ሰውም ይድናል። እረኛው ልጁን ከእብድ ውሻ እንዳተረፈለት ሲያውቅ ስለ ቀበሮው የሚነገረውን ይሰማል። በጥበቃው መስክ በዝቅተኛ ወጪ ከተሠሩት ሁሉ ይህን ያህል የማረከኝ የለም፤ በአዋጅ አንቀጽ ውስጥ ግን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2023 ባሌ የዓለም ቅርስ ሲሆን ብዙ ተጨፈረ፤ የውሻ ክትባቱን ያነሣ ግን አልሰማሁም።

ከሁሉም በላይ ግን እንደ ሕግ ሰው የቀናሁበት ቦታ መንዝ ነው። ጓሳ የሚባለው ደጋ ቀይ ቀበሮም፣ ጭላዳም፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣርም ያለበት ነው። ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ጠብቆታል። መሬቱ የአጽመ ርስት ባለመብቶች የጋራ ነበር፤ ሹም ነበረው፤ ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋና በበጋ ሲከፈት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል። ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፣ ያጭዳል፣ ይወጣል፣ ከዚያም ይዘጋል። የሰረቀ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ዘበኛ የሚከፍል በጀት፣ ፕሮጀክት፣ የውጭ አማካሪ አላስፈለገም። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣና የርስት መብት ሲሻር ግን ይህም አብሮ ተሻረ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ አውጥቷል፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ያም ሆኖ የባላባቱን ርስት ሲሽር የጓሳን ሥርዓትም በአንድ ብዕር ሰረዘ፤ ደጋው ለተወሰነ ጊዜ የማንም ሆነ፤ ሣሩ ታጨደ፣ መሬቱ ታረሰ። ቆይቶ የአካባቢው ሰዎች በኮሚቴ ተደራጅተው መልሰው ያዙት፤ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ በክልሉ ሕግ ዕውቅና አግኝቷል።

መንዞች የአዛውንቱን ጥያቄ መልሰዋል ማለት ይቻላል። ቀበሮው የማን ነው ሲባል «የጓሳ ነው፤ ጓሳም የእኛ ነው» የሚሉ ይመስለኛል። ፓርክ ሲከለል «መንግሥት» የሚለው ቃል ቀድሞ ይመጣና «ሕዝብ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ አይወርድም። ጓሳ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ገንዘቡን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ደንብ ቁጥር 163 ከቁጥጥር አደን ከሚገኘው ገቢ 85 በመቶው ለክልል፣ 15 በመቶው ለፌዴራል እንዲሆን አድርጓል። በአርሲና በባሌ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ የውጭ ዜጋ ለአንድ እንስሳ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ክፍፍሉ ለክልሎች የሚያደላ በመሆኑ ሲወጣ ጥሩ ተብሎለት ነበር። ችግሩ ገንዘቡ የክልል ግምጃ ቤት ደርሶ መቆሙ ነው። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ምን ያህል ይወርዳል የሚለውን የሚያስገድድ ቁጥር አልተቀመጠም። አጋዘኑ ሰብሉን የሚበላበት ገበሬ የሚያውቀው ክልሉን አይደለም፤ ቀበሌውን ነው። መንገድ፣ ወፍጮ ወይም ጤና ኬላ ሲሠራለት «ይህ የአጋዘኑ ገንዘብ ነው» ተብሎ ካልተነገረው በቀር ደግሞ ሌላ የመንግሥት በጀት ይመስለዋል።

ስለዚህ ለደባርቁ አዛውንት ዛሬ ብመልስ እንዲህ እላለሁ። ክሱ አይሳካም ይሆናል። ካሳው ግን ከአደንና ከመግቢያ ክፍያ ላይ በሚቆረጥ ድርሻ፣ በወረዳው ደረጃ በሚቀመጥ አንድ ፈንድ ሊከፈል ይችላል። ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥት መለወጥ አያስፈልግም፤ ደንብ ላይ ጥቂት አንቀጾች መጨመር ይበቃል። አጣሪው የግብርና ባለሙያው፣ የፓርኩ ዘበኛና ሁለት የቀበሌ ሽማግሌዎች ይሁኑ። ጉዳቱ በደረሰ በሳምንት ውስጥ ማሳው ይታይ፤ ገብስ ታጭዶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ አጣሪ የሚያየው ቃርሚያ ብቻ ነው። ክፍያው በዚያ ዓመት የወረዳው የገብስ ዋጋ ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በፊት በወጣ ሰንጠረዥ አይሁን። የሐሰት አቤቱታ ይበዛል የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ ፈንዱ የሁሉም ቀበሌ የጋራ ከሆነና ያልተከፈለው ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ለቀበሌው ወፍጮ ወይም ትምህርት ቤት የሚውል ከሆነ ግን የጎረቤትን የሐሰት አቤቱታ ከማንም በፊት የሚያጋልጠው ጎረቤት ይሆናል። ጭላዳው ማሳ ላይ የታየበትን ሰዓት ከእረኛ ልጆች የተሻለ የሚያውቅ ደግሞ የለም፤ መዝገቡን የሚጽፉት እነሱ ቢሆኑ በጸሐፊው እምነት ከማንኛውም አጣሪ ኮሚቴ ይልቅ ይታመናሉ።